ሐጂ ከፊት፣ ኑረዲን ከኋላ፦ በኤሌክትሪክ መኪና ከመርካቶ ቡታጅራ

እኔ መርካቶ የምሄደው ሁልጊዜ ለዕቃ ነው። ሸማ ተራ እገባለሁ፣ ነጠላና ጋቢ እሸክፋለሁ፣ በማግስቱ ቡታጅራ ሱቄ ውስጥ ቁጭ ብዬ እገኛለሁ። ከተማውን አየሁት አልልም፤ የማየው ጨርቅ ነው። የአሁኑ ጉዞ ግን አምስት ቀን ፈጀብኝ። ከተመለስኩ ወዲህ ሱቄ የሚገባው ሁሉ "እስቲ ወይንሸት፣ እንዴት ሆናችሁ መጣችሁ?" እያለ አላስቀምጥ ስላለኝ፣ አንዴ ጽፌው ልገላገል ብዬ ነው። በተለይ መርካቶን ረግጣችሁ ለማታውቁት፣ ወደፊትም ለመርገጥ ሐሳቡ ለሌላችሁ ነው።

መጀመሪያ የሄድኩበትን ጉዳይ ልንገራችሁ። ጎረቤቴን እማማ ሙሚናን የማያውቅ የሰፈራችን ሰው የለም። ሁለቱንም ልጆቼን ስወልድ ከአጠገቤ ያልተለዩ እሳቸው ናቸው። አሁን ዓይናቸው እየሄደ ነው። ሐኪሙ የዓይን ግፊት ነው፣ የጠፋው አይመለስም፣ የቀረውም ብዙ አይቆይም ብሏቸዋል። የሚያዩት በቁልፍ ቀዳዳ አጮልቆ እንደሚያይ ሰው ነው። የሰው ፊት በአንድ ጊዜ አይታያቸውም፤ ግንባሩን ያያሉ፣ ቀጥለው ዓይኑን፣ ቀጥለው አፍንጫውን። "ጨርሶ ሳይጨልምብኝ የእህቴን ፊት አንዴ ልየው" ነው ልመናቸው። ለምን እሳቸው አይሄዱም እንዳትሉኝ፣ በስኳርና በደም ግፊት ምክንያት ጉዟቸው ከአልጋ እስከ በር ብቻ ነው።

እህታቸው እትዬ ዘይነባ የመርካቶው ነጋዴ የሐጂ ሸምሱ ባለቤት ናቸው። አምና ወድቀው ዳሌያቸው ተሰብሮ ነበር። ድነዋል፣ ይመስገን፤ ግን እግራቸውን አጥፈው ብዙ መቀመጥ ስለማይችሉ ሚኒባስ አይሆንላቸውም። ሐጂ ግን መኪና አላቸው። ያውም አዲስ የኤሌክትሪክ መኪና! ታዲያ ዓመት ሙሉ ምን ሆነው ነው እህትና እህት ሳይገናኙ የቀሩት? ሄጄ ይህን እንዳጣራና እትዬ ዘይነባን ይዤ እንድመጣ የላኩኝ እማማ ሙሚና ናቸው። "አንቺ ምላስ አለሽ፣ አንቺው ሂጂ" አሉኝ። ሙገሳ ይሁን ስድብ እስካሁን አልገባኝም።

ረቡዕ

ከቡታጅራ መናኸሪያ የተነሳነው ጠዋት ነው። ሹፌራችን ለናፍጣ ተሰልፎ ስላደረ ዓይኑ ቀልቷል። ከኋላው የተቀመጥኩት እኔ ነኝ፣ ስለዚህ እንዳያንቀላፋ እስከ ጢያ ድረስ ሳወራው ሄድኩ። የልጆቼን ጉዳይ፣ የጨርቅ ዋጋ፣ የአማቴን አመል ሁሉ ነገርኩት። አጠገቤ ያለው ሰውዬ ጎመን የሞላ ማዳበሪያ ጭኑ ላይ ይዞ "እህቴ፣ እሱ እንኳ ነቅቷል፤ እኛን አስተኚን" አለኝ። ሚኒባሱ በሙሉ ሳቀብኝ። በመሳቃቸው ቅር አላለኝም፤ በሰላም ደረስን።

አየር ጤና ወርጄ በታክሲ መርካቶ ገባሁ። እኛ ጋ ሰው ሲገፋህ ዞሮ ይቅርታ ይላል፤ መርካቶ የሚገፋህ ሰው ጀርባው ላይ ሦስት ፍራሽ ስላለ ሊያይህም አይችልም። "ዞር በይ እናት! ዞር በይ!" ይላል፤ ዞር ስትይ ከወዲያ የሚመጣው ደግሞ ይመታሻል። ሶማሌ ተራ ሳልደርስ የጫማዬ ማሰሪያ ተበጠሰ። አንድ እግሬን አንጠልጥዬ ስቆም፣ ጥግ ላይ ጫማ የሚጠርግና የሚሰፋ ሰውዬ አየኝና የራሱን ነጠላ ጫማ ከእግሩ አውልቆ ገፋልኝ። "ጭቃ ነው፣ አትርገጪው" አለኝ። እስኪሰፋልኝ ድረስ እሱ ባዶ እግሩን ካርቶን ላይ አድርጎ ነው የሠራው። ከሆሳዕና ወዲያ ካለ ገጠር እንደመጣ ነገረኝ። ቡታጅራ ነኝ ስለው "እንግዲያ ጎረቤት ነን" አለ። ስሙን ሳልጠይቀው መሄዴ አሁን ድረስ ይቆጨኛል።

የሐጂ ቤት ከሱቃቸው ብዙ አይርቅም፤ በጠባብ መንገድ ገብተህ ሰፊ ግቢ ታገኛለህ። እትዬ ዘይነባ ከዘራቸውን ይዘው በር ድረስ ወጡ። ገና ሳልቀመጥ ምሳ ቀረበ፤ ሽሮ፣ ዘይት ብቻ የነካው ጎመን፣ ቆጮ። "ረቡዕ መሆኑን የረሳሁ መሰለሽ?" አሉኝ። "ድስቱም አዲስ ነው፤ ሥጋ አልነካውም፣ ቅቤም አልነካውም።" እኛም ሠርግ ስንደግስ ለእስላም እንግዶቻችን ለብቻ እናሠራለን። ለአንድ የጨርቅ ነጋዴ ብሎ አዲስ ድስት የሚገዛ ሰው ግን አላየሁም። ዓይኔ እንባ አቀረረ፤ በርበሬው ነው አልኩ።

መኪናዋ ግቢው መሃል ቆማለች፣ ሸራ ለብሳ። በመስኮት የወጣ ገመድ ሆዷ ውስጥ ገብቷል። ማታ ሐጂ ከሱቅ ሲመለሱ ሰላምታው እንኳ ሳያልቅ ጠየቅኋቸው። "ሐጂ፣ እማማ ሙሚና ልከውኝ ነው። መቼ ነው የምንሄደው?"

"ኢንሻአላህ" አሉና ወደ ጓዳ ገቡ። እትዬ ዘይነባ ጣሪያ ጣሪያውን አዩ።

ሐሙስ

ጠዋት ስወጣ ሐጂ የመኪናዋን ኮፈን ከፍተው፣ ጨርቅ ይዘው፣ ጎንበስ ብለው ያያሉ።

"ምን እያዩ ነው ሐጂ?"

"ዘይት።"

"ይቺም ዘይት አላት እንዴ?"

"የላትም።"

"እና?"

ቀና ብለው ሳቁ። "አርባ ዓመት ሙሉ ዘይትና ውሃ ሳላይ መኪና አስነስቼ አላውቅም ልጄ። እጄ ምን ይሥራ? የድሮዋ ሲያማት ትናገራለች። ታጨሳለች፣ ታንኳኳለች፣ ትሸታለች። ይቺ ምንም አትልም። ዝም የሚል ሰው ታምኛለሽ አንቺ?"

"እኔ ዝም የሚል ሰው አላውቅም፤ ከኔ ጋር ማንም ዝም አይልም" አልኳቸው። ጨርቁን አጣጥፈው ኮፈኑን ዘጉ።

ለምን እንደገዟት ጠየቅኋቸው። የነዳጅ ሰልፍ አስመርሯቸው ነው፤ አዲስ የናፍጣ መኪና ማስገባትም ቀርቷል። ሦስተኛው ምክንያት ግን ዋናው ይመስለኛል። "ሱቄ ባለበት ተራ ላይ ከግራ የገዛ፣ ከቀኝ የገዛ፣ ከፊት ለፊቴ የገዛ። እኔ መሃል ቆሜ ልቅር?" አሉ። ከፊት ለፊታቸው ያለው ኑረዲን የሚባል ነጋዴ ነው፤ በዕድሜ ልጃቸው ይሆናል።

ሱቅ ድረስ አብሬያቸው በመኪናዋ ሄድኩ። ስክሪኑ ላይ ዘጠና ሰባት ፐርሰንት ይላል። ሐጂ መንገዱን አያዩም፤ ቁጥሩን ነው የሚያዩት። መስኮት ተዘግቷል፣ ማቀዝቀዣ የለም፣ ሬድዮ የለም። ስልኬን ልሰካ ስል "ተዪ! ተዪ! ይበላል!" ብለው እጄን ያዙኝ። መኪናዋ ከቤት ሱቅ፣ ከሱቅ መስጊድ፣ ከመስጊድ ቤት ነው የምትሄደው፤ ማታ ማታ ትሰካለች። ከዘጠና በታች ወርዳ አታውቅም። አንድ ቀን ዘመድ ሊጠይቁ ቃሊቲ ሲሄዱ ዘጠና አንድ ብታሳያቸው ከመንገድ ተመለሱ። እኔ ቤት ውሃ ሲመጣ እንዲሁ ነኝ፤ ሮቶው ሞልቶ፣ በርሜሉ ሞልቶ፣ ኩባያ ሳይቀር እሞላለሁ። ስለዚህ ልፈርድባቸው አልቻልኩም። ላብ ግን በጀርባዬ ወረደ።

ዓርብ

ከጁምዓ በኋላ የሐጂ ሱቅ በር ላይ ጎረቤት ነጋዴዎች ሻይ ይዘው ይቀመጣሉ። እኔም ከሸማ ተራ ነጠላዬን አሸክሜ ስመለስ እዚያው ተቀመጥኩ። ሐጂ ነገሩን አነሱት። "ቡታጅራ ድረስ እንዴት ይመስላችኋል?" አሉ።

ወይ መዓት! አንዱ "አንድ ሰውዬ ዝዋይ መንገድ ላይ ቆማበት ሁለት ቀን አደረ" አለ። ሌላው "ዝናብ ሲነካት ሰው ትይዛለች አሉ" አለ። ሦስተኛው የባሰ አመጣ፣ በር አልከፈት ብሏቸው ውስጥ ስለቀሩ ባልና ሚስት። ሐጂ በእያንዳንዱ ወሬ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ትዕግሥት ሲታደል እኔ ሸማ ተራ ነበርኩ መሰለኝ፤ ተነሳሁ።

"ቆይ፣ ሰውዬውን አይተኸዋል?" አልኩት የመጀመሪያውን።

"እኔ እንኳ አላየሁም፤ የሰማሁት ነው።"

"አንተስ፣ የያዘችውን ሰው አይተሃል?"

"ሲወራ ነው እህቴ።"

"ባልና ሚስቱስ አሁንም እዚያው ውስጥ ናቸው?"

ሳቁ። ሐጂ ግን አልሳቁም። እኔን የገረመኝ ሌላ ነው። ከፊት ለፊት ሱቁ በር ላይ የቆመው ኑረዲን በየሳምንቱ በራሱ የኤሌክትሪክ መኪና ወደ ቡታጅራ ዕቃ ይዞ ይሄዳል። እኔም ከተማችን ውስጥ አይቼዋለሁ። ሐጂ እስከየት እንደሚሄድባት ባያውቁም መኪናዋን ያያሉ፤ ግን እሱን አልጠየቁትም፤ ዓይናቸውንም ወደ እሱ አላዞሩም። የመርካቶ ሽማግሌ ትናንት ንግድ ያስተማረውን ሰው "ይህን እንዴት ታደርገዋለህ?" ብሎ አይጠይቅም። ሞት ነው ለሱ።

ከሰዓት ሐጂ ምን አለሽ ተራ ይዘውኝ ሄዱ። እዚያ ከቁርጥራጭ ብረት ምድጃ፣ መጥበሻ፣ መቆለፊያ ይወጣል፤ ጆሮ እስኪደነቁር መዶሻ ብቻ ነው። ለእማማ ሙሚና የከሰል ምድጃ ሊገዙ መስሎኝ ነበር። ለካስ መኪና መጎተቻ ብረት አዝዘው ኖሯል! መርካቶ ሰው የማያውቀውን ነገር ሲፈራ ምን አለሽ ተራ ሄዶ ብረት ያስበጅለታል። ብየዳው እስኪቀዘቅዝ ቆመን ሳለን ሐጂ ለብቻቸው እንደሚያወሩ ሆነው ተናገሩ።

"ከቡታጅራ ስወጣ የጭነት መኪና ላይ ከድንች ጋር ተጭኜ ነው የወጣሁት። ከዚያ ወዲህ እዚያ ከተማ በእግሬ ገብቼ አላውቅም። ሁሌ በራሴ መኪና፣ ጡሩምባ እየነፋሁ። አሁን ይቺ መግቢያው ላይ ብትቆምስ? አህያ ጋሪ እየጎተተኝ በዘመዶቼ ፊት ልለፍ?"

ያን ጊዜ ገባኝ። ፐርሰንቱ አይደለም፣ ዝናቡም አይደለም። የሚፈሩት እኛን ነው፤ የቡታጅራን ሰው ዓይን። ስለ ፐርሰንት ልከራከር ያዘጋጀሁት ሁሉ ከንቱ ሆነ።

ማታ እማማ ሙሚና ደወሉ። እትዬ ዘይነባ ስልኩን ድምፁን ከፍተው አልጋው ላይ አደረጉት። "ዛሬ ጠዋት የገዛ እጄን ፈልጌ አጣሁት" አሉ እማማ። "ከፊቴ አንስቼው ነበር እኮ፤ እስካገኘው ቆየሁ።" ሐጂ "አይዞሽ፣ አላህ አለ" ብለው ወጡ። እትዬ ዘይነባ ቀሚሳቸውን ከሳጥን አወጡና በኪራይ መኪና እሄዳለሁ አሉ። ሐጂ ከበር ተመለሱ። "የኔ ሚስት? በኪራይ መኪና? እኔ ሞቻለሁ?" እትዬ ዘይነባ ቀሚሱን ጭናቸው ላይ አድርገው ማልቀስ ጀመሩ።

ቅዳሜ

በጠዋት ኑረዲን ሱቅ ሄድኩ። ብርድ ልብስና አንሶላ ነው የሚያከፋፍለው፤ አርባ ዓመት የሚሆነው፣ ቀስ ብሎ የሚናገር ሰው ነው። የእማማ ሙሚናን ዓይን፣ የእትዬ ዘይነባን ቀሚስ ነገርኩት። የምን አለሽ ተራውን ወሬ ግን አላወጣሁም። "እባክህ ምከራቸው፤ አንተ መንገዱን ታውቀዋለህ" አልኩት።

"እኔ? ሐጂን?" አለ ደንግጦ። "መርካቶ ስመጣ ጨርቅ መለካት እንኳ አላውቅም ነበር። ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። እሳቸውን የምመክርበት አፍ የለኝም እህቴ።"

ተናድጄ ልወጣ ስል "ሻይ ጠጪ መጀመሪያ" አለኝ። ሻዩን ሳልጨርስ ተነስቶ መንገዱን ተሻገረ። ምን ሊሆን ነው ብዬ ብርጭቆዬን እንደያዝኩ ተከተልኩት።

"ሐጂ፣ አንድ ነገር ላስቸግርዎት ነበር" አለ፣ እጁን ወደ ኋላ አድርጎ።

"ምን ሆንክ?"

"ነገ ቡታጅራ አጎቴ ጋ መድረስ አለብኝ። በዚህች መኪና ግን… እውነቱን ልንገርዎት፣ መንገዱ ያስፈራኛል። ወይንሸት እርስዎም ሊሄዱ እንዳሰቡ ነገረችኝ። እርስዎ ከፊት ቢሆኑልኝ ከኋላ እከተልዎት ነበር። ብቻዬን ካልሆንኩ ልቤ ይረጋል።"

ሻዩ ትን አለኝ። በየሳምንቱ የሚመላለስ ሰው! ሐጂ ግን ወንበራቸው ላይ ቀና አሉ። ከመጣሁ ጀምሮ ትከሻቸው እንደዚያ ቀጥ ሲል አላየሁም።

"ምን ያስፈራሃል?" አሉት። "ሙሉ ሞልተህ ተነሳ። እዚያም ቤት መብራት አለ፣ ትሰካታለህ። የሰው ወሬ አትስማ፤ አየሁ የሚል አንድ ሰው የለም።"

የኔን ንግግር ነው እንግዲህ የሚያስተምሩት! ኑረዲን "እሺ ሐጂ፣ እሺ" እያለ ያዳምጣል። አንዳንዱን ነገር ሁለቴ ይጠይቃቸዋል፤ ሐጂም ሁለቴ ያስረዱታል። ሲጨርሱ "በል፣ በጠዋት ተዘጋጅ" አሉት። እኔ ወደ ግቢው የሮጥኩት ሩጫ ለኔ ዕድሜ የሚመች አልነበረም። እትዬ ዘይነባ ስነግራቸው አንገቴ ላይ ተጠመጠሙ።

እሁድ

የመርካቶ ሱቅ ሁሉ ዝግ ነው። በዚያ መንገድ ላይ ያለ ግፊያ መሄድ እንደሚቻል ያመንኩት ያን ቀን ነው። ሐጂ ከኋላ የጫኑትን ስሙልኝ፤ የመጎተቻው ብረት፣ ገመድ፣ ቡታጅራ ደርሶ የሚመለስ የሚያህል የመብራት ማራዘሚያ፣ ሃያ ሊትር ውሃ በጀሪካን። "ውሃው ለምንድነው?" አልኩ። "ለራዲያተር" አሉና፣ ይቺ ውሃ እንደማትጠጣ ትዝ ሲላቸው የኋላውን በር ዘጉ። ጀሪካኑ ግን አልወረደም። እትዬ ዘይነባ ከፊት ወንበራቸው ተዘርግቶላቸው ተጋደሙ። እኔ ከኋላ ከነጠላ ጥቅሌ ጋር፣ ብረቱ እግሬ ስር።

"መቶ!" አሉ ሐጂ። "ቢስሚላህ" ብለው ተነሱ። ኑረዲን ከኋላ።

ዓለም ገና ሳንደርስ ባጃጅ ቀደመን። ቀጥሎ ኤንትሬ የጭነት መኪና ቀደመን፣ ሹፌሩ አንገቱን አውጥቶ "አባባ፣ ለቀብር ነው?" አለን። ሐጂ ቁጥሯን እያዩ ነው፤ አልሰሙትም። ሙቀቱ ሲበረታ እትዬ ዘይነባ ምንም ሳይሉ እጃቸውን ሰደው ማቀዝቀዣውን ተጫኑት። "አንቺ ሴት!" ብለው ጮኹ ሐጂ። ሦስታችንም ቁጥሯ ላይ አፈጠጥን። ምንም አልሆነችም። ቀዝቃዛው ነፋስ ፊታችንን ሲመታን እትዬ ዘይነባ "ዓመት ሙሉ በከንቱ ቀቅለኸኛል" አሏቸው። ሐጂ አላጠፉትም።

ወደ መልካ ቁንጥሬ ቁልቁለቱን ስንወርድ ሐጂ በድንገት ዳር ይዘው ቆሙ። ኑረዲን ሮጦ መጣ። "ተበላሸች!" አሉት። "ሰባ ስምንት የነበረችው ሰባ ዘጠኝ አለች። ሄዳ ሄዳ እንዴት ትጨምራለች?"

የኑረዲን ፊት ሳይለወጥ "የኔም እንዲሁ አለች ሐጂ፤ እኔም ደንግጬ ነው" አለ። "ቁልቁለት ላይ ፍሬን ሲይዙ ትንሽ ራሷን ትሞላለች ሲባል ሰምቻለሁ።"

"ሰምተህ ነው?"

"ሰምቼ ነው።"

ሐጂ ቁጥሯን ደግመው አዩ። "ሱብሃነላህ" አሉ ቀስ ብለው። ከዚያ ወዲያ ቁልቁለት በመጣ ቁጥር ደስ ይላቸው ጀመር፤ "ጨምሪ፣ ጨምሪ" ይላሉ ለራሳቸው።

ቡኢ ላይ ለምሳ ቆምን፤ ኑረዲን ነው ቦታውን የመረጠው፣ የእስላም ምግብ ቤት። ለኔ እንቁላል ይጠበስልኛል ብሏል። በረንዳው ላይ ገና ስንቀመጥ ባለቤቲቱ፣ አፋቸው የማይያዝ ሰፊ ሴትዮ፣ ከውስጥ እየሳቁ ወጡ።

"ኑሬ! ሐሙስ ቀረህብን እኮ! ምነው? ገመድህን አምጣ፣ እንደ ሁልጊዜው በጓሮ በኩል ልሰካልህ!"

ኑረዲን መሬት መሬቱን አየ፤ ጆሮው ቀላ። እትዬ ዘይነባ ወደኔ፣ እኔ ወደ እሳቸው። ሐጂ ሴትዮዋን አዩ፣ ቀጥለው ኑረዲንን አዩ። ተነስተው ሲሄዱ፣ በቃ፣ መኪናዋን አዙረው ወደ መርካቶ ሊመለሱ ነው አልኩ። የእማማ ሙሚና ነገር አለቀ አልኩ። እንዲህ ዓይነት ሰው ተታለልኩ ካለ እግሩን አያነሳም።

የመኪናዋን ኋላ ከፍተው ጀሪካኑን ይዘው ተመለሱ። የምግብ ቤቱ ቧንቧ ደርቆ ነበር፤ ማስታጠቢያው ባዶ ነው። ሐጂ ጀሪካኑን በሁለት እጃቸው አንስተው ኑረዲን ፊት ቆሙ።

"እጅህን ዘርጋ" አሉት።

"ኧረ ሐጂ! ኧረ በአላህ!" ብሎ ብድግ አለ። "እኔ ላስታጥብዎ እንጂ!" ጀሪካኑን ሊቀማቸው ሞከረ። የሰባ ዓመት ሽማግሌ ታናሹን ሲያስታጥብ በአገራችን አይታይም፤ እዚያ በረንዳ ላይ የነበረው ሰው ሁሉ ዞሮ ያይ ነበር።

"ዘርጋ አልኩህ።"

ዘረጋ። ሐጂ ቀስ አድርገው አፈሰሱለት፤ ታጥቦ እስኪጨርስ ጎንበስ ብለው ጠበቁት። ከዚያ "አይዞህ" አሉት፣ ሴትዮዋም እንዲሰሙ ጮክ ብለው። "የቀረው መንገድ ቀላል ነው። ከፈራህ ጡሩምባ ንፋ፣ ቆሜ እጠብቅሃለሁ።"

"እሺ ሐጂ" አለ ኑረዲን። እኔ እንቁላሌን ትቼ ነጠላዬን አፌ ላይ ያዝኩ። ብዙ ደግ ሰው አጋጥሞኛል በሕይወቴ፤ ሁለቱን እንደዚያ ፊት ለፊት ቆመው በማየቴ ግን ፈጣሪዬን አመሰገንኩ፣ ዛሬም አመሰግናለሁ።

ከቡኢ በኋላ ሐጂ መስኮታቸውን ከፈቱ። ቁጥሯን የሚያዩት አልፎ አልፎ ሆነ። እትዬ ዘይነባ ሬድዮ ከፈቱ፣ ማንም አልተቆጣም። መስቃን አካባቢ የቆጮውን እንሰት ስናይ ሐጂ "ያ የማን ማሳ ነው? ያኛውስ?" እያሉ ይጠይቁኝ ጀመር። ቡታጅራ መግቢያ ላይ ግማሽ ያህል ቀርቷት ነበር። አህያ ጋሪ አጠገባችን አለፈ፤ ሐጂ ጡሩምባቸውን ሦስት ጊዜ ነፉ፣ ባለጋሪው እጁን አነሳላቸው። ኑረዲን ከኋላ እሱም ነፋ። አጎቱ ቤት ለመሄድ መታጠፊያው ላይ ሲለየን ሐጂ ቆመው እስኪጠፋ አዩት።

ሰፈራችን ስንደርስ ጎረቤት ሁሉ ወጣ። ስለ መኪናዋ የሚጠይቅ፣ የሚነካካ፣ "ያለ ናፍጣ ነው?" የሚል። ሐጂ ለማንም አልመለሱም። የእትዬ ዘይነባን ክንድ ይዘው ደረጃውን አወጧቸው፤ እኔ ከዘራውን ይዤ ከኋላ።

እማማ ሙሚና አልጋቸው ላይ ቁጭ ብለዋል። እትዬ ዘይነባ ወንበር ተስቦላቸው ጉልበት ለጉልበት ተቀመጡ። ማንም አልተሳሳመም ገና። እማማ የእህታቸውን አገጭ በጣታቸው ያዙና ፊታቸውን ወደ በሩ ብርሃን አዞሩት። ከላይ ጀመሩ። ግንባሩ ላይ ቆዩ። ወደ ቅንድቡ ወረዱ፣ አንዱን ዓይን አዩ፣ ሌላኛውን ፈልገው አገኙት። ሐጂ በሩ ላይ ብርሃኑን እንዳይጋርዱ ግድግዳው ላይ ተለጥፈው ቆመዋል።

"አርጅተሻል፣ ዘይነባ" አሉ እማማ ሙሚና።

"አንቺስ!" አሉ እትዬ ዘይነባ፤ ወዲያው ፊታቸው ተሸበሸበ፣ እንባቸው ወረደ።

"እኔን ተዪኝ፤ ራሴን ካየሁ ቆየሁ" አሉ እማማ፣ አገጫቸውን ሳይለቁ። "አታልቅሺ። ገና አፍሽ ጋ አልደረስኩም። እስቲ ሳቂና ልየው።"